ደሜን ወሰድክ፤ ውጤቱስ?

(ድሬዳዋ ላይ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሱትን ሁለት ጥያቄዎች ግን አልተውኳቸውም።)

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ነው። ድሬ ላይ ቅዳሜ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻዩን ይዞ መጫወት ይችላል። እሱን ትታችሁ ስለ ሳይንስ ለመስማት እዚህ መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል።

ሥራዬን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ የሰው ጣት ስወጋ፣ ደም ስላይድ ላይ ስቀባ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳጎነብስ ኖሬያለሁ። ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ናሙና በመሰብሰብ አግዛለሁ። ዛሬ የማወራው ነገር የመጣው ከዚያ ሥራ ነው።

አንድ ቀን ለወባ ጥናት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ገባን። እማማ ብዬ የምጠራቸው እናት ናቸው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድም፤ እኔ ግን እሳቸውን አንተ አንቺ ማለት አልችልም። ደም ሰጡን። የውሃ በርሜላቸውን ከፍተው አሳዩን። ልጆቹንም አስመዘገቡ። ስንጨርስ ጣታቸውን በጥጥ እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ደሜን ወሰድክ፤ ውጤቱስ?» አሉኝ።

«ይነገርዎታል» አልኳቸው።

«ባለፈው የመጣውም እንዲሁ ብሎ ነው የሄደው» አሉ። በነገር አልነበረም። የሆነውን ነው የተናገሩት።

ያኔ መልስ አልነበረኝም። ይሄ ጥያቄ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሳይንስ ከማን ይወስዳል? ለማን ይሰጣል? መሃል ላይ ሲሸጥ ደግሞ ምን ይሆናል? የዛሬው ወሬዬ ይሄ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ንግድን ልሰድብ አልመጣሁም። ድሬ ላይ ቆሞ ንግድን መስደብ የት ያስኬዳል! ይቺ ከተማ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ነው። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ስለከበደ እዚህ ሜዳው ላይ ቀረ። ከተማዋም ሐዲዱ አጠገብ በቀለች። ከዚያ ወዲህ ከጅቡቲ የመጣውን የምንቀበል፣ ከደጋ የወረደውን የምንልክ ሰዎች ነን። ዕቃ ሰው ቤት የሚደርሰው የሚያመላልሰው ሲኖር መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

መድኃኒትም እንደዚያው ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነውን ኢንሱሊንን ለምሳሌ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1921 ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተገኘ። ያገኙት ሰዎች በ1923 የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው ሸጡት። ዋጋው ስንት ነበር? ለእያንዳንዳቸው 1 ዶላር። ማንም ብቻውን እንዳይዘው ብለው ነው። ግን ዩኒቨርሲቲው ለዓለም የሚበቃ ኢንሱሊን ማምረት አልቻለም። ንጥረ ነገሩ የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። አንዱ ብልቃጥ ሲሠራ ሌላው ይበላሽ ነበር። በብዛትና በአስተማማኝ ሁኔታ ለማምረት ከኢላይ ሊሊ ኩባንያ ጋር መሥራት ግድ ሆነ። ኩባንያው ባይገባ ኖሮ ብዙ ሕፃናት በወረፋ ይሞቱ ነበር። ይሄ ሐቅ ነው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም።

ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። ዛሬ የዓለምን የኢንሱሊን ገበያ አብዛኛውን የያዙት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። በ1 ዶላር የተሰጠው ነገር፣ ከ100 ዓመት በኋላ በሀብታሟ አሜሪካ ሳይቀር ሰው በዋጋው የተነሳ ዶዙን እየቀነሰ የሚወጋው ሆኗል። ያ የመጀመሪያው ኢንሱሊን መብቱ ካለቀ ቆየ። ግን አዲስ ዓይነት ተሠራ። አዲሱ አዲስ መብት ወጣለት። የመወጊያው እስክሪብቶ እንኳ የራሱ መብት ወጣለት። የሰጪዎቹ ደግነት እውነተኛ ነበር። ደግነት ግን ከእነሱ በኋላ የሚመጣውን አያስርም።

ወደ ድሬ ልምጣ። እናቴ ስኳር ነበረባት። ኢንሱሊኗን የምታስቀምጠው እርጥብ አሸዋ በተሞላ ሸክላ ውስጥ ነበር፤ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ቤቱ ጥግ፣ ጥላ ቦታ። ፍሪጅ አልነበረንም። በኋላ ሲመጣም መብራቱ ይጠፋ ነበር። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው በፍሪጅ ይቀመጥ፣ ከተከፈተ በኋላም ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ አይበልጥ የሚል ነው። ግንቦት ላይ ድሬ ቀን ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ለእናንተ አልነግርም። እናቴ በየቀኑ በተወጋች ቁጥር አንድ ፍርሃት ነበረባት። «ይሄ ነገር ሞቶ ቢሆንስ?» ትል ነበር። ሞቶ ማለቷ ኃይሉን አጥቶ እንደሆነ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ይሄ የሳይንስ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙቀቱ ቀን ወደ 37 ወጥቶ ሌሊት ወደ 25 ሲወርድ፣ ኢንሱሊን ለስንት ሳምንት ይቆያል? ለመመለስ ሮኬት አያስፈልግም። የሙቀት መለኪያ፣ ብልቃጦችና ጥሩ ላብራቶሪ ይበቃሉ። ታዲያ መልሱ መቼ መጣ? እ.ኤ.አ. በ2021። ኢንሱሊን በተገኘ በ100 ዓመቱ! ጥናቱን ያደረጉት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሙቀቱን የለኩት በሰሜን ኬንያ ዳዳብ፣ በስደተኞች ካምፕ ቤቶች ውስጥ ነው። ከዚያ ያንኑ ውጣ ውረድ ላብራቶሪ ውስጥ ደገሙት። ያገኙት ምንድን ነው? ኢንሱሊኑ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለ4 ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ ቆየ። (ስኳር ያለባችሁ ይሄን ሰምታችሁ አቀማመጣችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። አደራ።)

እናቴ ይሄን ሳትሰማ አረፈች። አብዝቼ የምናገረው ስለዚህ ነው።

ኢንሱሊን ሻጭ ይሄን ጥያቄ ለመጠየቅ ምን ያስቸኩለዋል? ፍሪጅ ያለው ገዢ አይጠይቀውም። ፍሪጅ የሌለው ደግሞ ትልቁ ደንበኛው አይደለም። ሻጩን ክፉ ለማለት አይደለም። ጥያቄው ገበያው ላይ ዋጋ አልነበረውም፤ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ስለ ሳይንስና ስለ ንግድ ሳስብ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ስለ ዋጋ ብዙ እንከራከራለን። ዋጋ የሚመጣው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ማን እንደሚጠይቅ፣ የማን ችግር ጥያቄ እንደሚሆን ተወስኗል።

ነሐሴ 2011ን ታስታውሳላችሁ? በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ የገባ ጊዜ። ሰፈር ሙሉ ሰው ወገቡን ይዞ፣ ጎብጦ፣ በግድግዳ ተደግፎ ሲሄድ። ስሙ ራሱ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ነው፤ መጉበጥ መጣመም ማለት ነው። ያን ጊዜ በዚህ ከተማ በአስር ሺዎች ታመሙ። እኔም አንዱ ነበርኩ። የጣቴ መገጣጠሚያ ለወራት ስላይድ አላስይዝ ብሎኛል። መድኃኒቱ ምን ነበር? ፓራሲታሞል፣ ውሃና እረፍት። ሌላ የለም።

ይሄ ቫይረስ አዲስ ነው? አይደለም። ታንዛኒያ ውስጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የመጀመሪያው ክትባት አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023 ነው። 71 ዓመት! ሲመጣስ እንዲሰጥ የተመከረው ለማን ነበር? ቫይረሱ ወዳለበት አገር ለሚጓዙ ሰዎችና ለላብራቶሪ ሠራተኞች። ቫይረሱ ያለበት አገር እኛ ነን። ከሚጓዘው ቀድሞ የሚኖረው አለ። የሚኖረው ግን ኪሱ ቀጭን ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። የእንቅልፍ በሽታ የሚባለውን ታውቁ ይሆናል፤ በፄፄ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከሙት የሚገድል። ኤፍሎርኒቲን የሚባል መድኃኒት ነበረው። ራሱን የሳተ ሰው ያስነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አትራፊ ስላልሆነ ማምረቱ ቆመ። ከዚያ በ2000 ያው ንጥረ ነገር ተመልሶ መጣ። የመጣው የሴቶችን የፊት ፀጉር የሚቀንስ ቅባት ሆኖ ነው። ለቅባቱ ገዢ አለ፤ ለሚሞተው ገበሬ የለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የዓለም ጤና ድርጅት ጮኸው፣ በ2001 አምራቹ መድኃኒቱን እንደገና ሊያቀርብ ተስማማ። ሳይንሱ ሁልጊዜም ነበረ። መጋዘን ውስጥ ነበረ። ያጣው ጠያቂ ነው።

ስለ ሳይንስ መጽሔቶችም አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። ጥናቱን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ መንግሥት ነው። ጽሑፉን የሚጽፉትም፣ የሚገመግሙትም ተመራማሪዎች ከመጽሔቱ ደሞዝ አያገኙም። ሲታተም ግን አንድ ጽሑፍ ለማንበብ ከ30 ዶላር በላይ የሚያስከፍል አሳታሚ ሞልቷል። የእማማ ደም ውጤት እዚያ በር ጀርባ ቢቀመጥ ማን ይከፍትላቸዋል?

አሁን ደስ የሚል ነገር ላውራ። እዚሁ አጠገባችን ነው። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ ሐረማያ አለ፤ የድሮው አለማያ እርሻ ኮሌጅ። ገቢሳ ኤጄታ እዚያ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመርቆ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የሠራው በማሽላ ላይ ነው። የሐረርጌ ሰው ማሽላ ምን እንደሆነ አይነገረውም። አቀንጭራንም እንዲሁ። ያቺ አበባዋ የምታምር አረም! ከላይ ስታያት ምንም አትመስልም። ከመሬት በታች ግን የማሽላውን ሥር ይዛ ትጠባለች። ገበሬው ሲደርስባት ማሽላው አልቋል። የአቀንጭራ ዘር መሬት ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲነካው ነው። ገቢሳና ባልደረቦቹ ያንን ኬሚካል ጥቂት ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ ፈለጉ፤ አገኙም። ጠላት በር ላይ ቢተኛም ጥሪ አይሰማም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994፣ 8 ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለመ።

ለምን ይሄን የዘር ኩባንያ አልሠራውም? ምክንያቱ የማሽላው ጠባይ ነው። ማሽላ በአብዛኛው በራሱ ወንዴ ብናኝ ያፈራል፤ ከሌላ ጋር ሳይዳቀል። ገበሬው ካመረተው ላይ ጥሩውን መርጦ ጎተራው ውስጥ አስቀምጦ ለከርሞ ይዘራል። አንዴ የገዛ ገበሬ ተመልሶ አይመጣም። ዲቃላ በቆሎ ቢሆን በየዓመቱ ይገዛል፤ ዘሩን መልሶ ቢዘራ ምርቱ ይወድቃል። ስለዚህ ኩባንያው በቆሎ ላይ ገንዘብ ቢያፈስ አይገርመኝም፤ ሒሳቡ ነው። የድሃ እህል ግን የሕዝብ ገንዘብ፣ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ይፈልጋል። ሐረማያ ያለው ለዚህ ነው። «ዩኒቨርሲቲዎች ገቢ ያምጡ» የሚል ንግግር ስሰማ አልቃወምም። ግን አብሬ እጠይቃለሁ፤ ገቢ የማያመጣውን አቀንጭራን ማን ይሠራዋል?

ሌላው ነገር ባለቤትነት ነው። ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን የማታውቁ ተማሪዎች ዛሬ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ቆሞ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከእነሱ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ መሆኑን ያውቅ ነበርና ነገሩ ገባው። ዕድሜውን በዚህ ላይ ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተሸለመ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ የውሃ ቱቦ የሚደፍን ሌላ የቅርፊት እንስሳ መጣ። እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ታየ። የዚያ አጠቃቀም ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብቱ፣ የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አክሊሉ ራሱ በሥራው ነበረበት። ነገር ግን ከዘመን ዘመን እንዶዱን የወቀጡት፣ አረፋውን የሚያውቁት እነዚያ ሴቶች በየትኛውም ወረቀት ላይ የሉም።

ጤፍን ደግሞ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተስማማች። ጥቅም እንጋራለን ተባለ። በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2009 ከሰረ። ፓተንቱ ግን ወደ ሌሎች እጅ ዞረ። ኢትዮጵያ ያገኘችው ወደ 4000 ዩሮ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። በመጨረሻ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው። ምክንያቱ አዲስ ፈጠራ የለውም የሚል ነበር። እናቶቻችን ሁሉ ይሄን መመስከር ይችሉ ነበር። ግን አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። በስምምነቱ ላይ «ኩባንያው ቢከስርስ?» የሚል ጠያቂ አስቀድሞ መኖር ነበረበት።

እዚህ ላይ ንግግሬን ጨርሼ ለጥያቄ ከፈትኩ። ብዙ ነገር ተነሳ። ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ የቡና ነጋዴ ተነሱ፤ ከሐረር የመጡ አዛውንት። «የአንተ ወሬ መልካም ነው። ግን ያለ መብት ነጋዴም ገበሬም አይበላም። እኛ የሐረርን ስም ባናስመዘግብ ኖሮስ?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ። መብት መሣሪያ ነው አልኳቸው። መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ ማየት ነው። እዚያ ላይ በአገር እጅ ነበር።

ሁለተኛዋ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። «እሺ፣ እኛ ምን እናድርግ? እኛ ሕግ አውጪ አይደለንም» አለች። ቀጥተኛ ልጅ ናት፤ ወደድኳት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ነገ ተመራማሪ ስትሆኚ፣ ደም ከመውሰድሽ በፊት የምታስፈርሚው የስምምነት ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምሪ፤ ውጤቱ መቼ፣ የት፣ በምን ቋንቋ ለሰጪው እንደሚነገር። ድሬ ላይ ከሆነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ። ውጤቱ ለኩባንያ ከተሰጠ ለማን እንደተሰጠና በምን ውል እንደሆነም ይጻፍ። ወጪው ብዙ አይደለም። ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ወደ እማማ ልመለስ። ያ ጥናት ካለቀ በኋላ ማንም አላዘዘኝም፤ ግን ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። እኔም የማውቀውን በቀላል አማርኛ ነገርኳቸው። የወባዋ አዲሷ ትንኝ ስቴፈንሲ የምትባል ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ታየች፤ በ2016 ቀብሪ ደሃር። በ2022 በዝናብ ወቅት ሳይሆን በበጋ እዚህ ድሬ ወባ ሲነሳ ጣት የተቀሰረው በእሷ ላይ ነው። እንደ ድሮዋ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ብቻ አትፈልግም። ንጹሕ ውሃ፣ በርሜል፣ ሮቶ ይበቃታል። የቺኩንጉንያዋ ትንኝም በርሜል ትወዳለች። አንድ በርሜል፣ ሁለት በሽታ።

እማማ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ተነስተው ግቢ ወጡ። በርሜሉ ላይ የነበረውን ቆርቆሮ አነሱት። ቆርቆሮው ጠርዙ ላይ ክፍተት ነበረው። አሮጌ አጎበር አመጡ፤ አጥፈው በርሜሉ አፍ ላይ ዘረጉት፤ በላስቲክ ገመድ አሠሩት። ቆርቆሮውን በላዩ መለሱ።

«ይሄን ለጎረቤት ለመንገር ማንን ነው የማስፈቅደው?» አሉኝ።

«ማንንም» አልኳቸው።

ስወጣ በሚቀጥለው ግቢ በር ላይ ቆመው እያንኳኩ ነበር።